አትርጩ፣ ልጅ አለ

የብሎካችን ነዋሪዎች የስልክ ግሩፕ አለን። ውሃ መጣ፣ ውሃ ሄደ፣ መንገድ የዘጋው የማን መኪና ነው፤ ከዚህ ሌላ ብዙም የሚጻፍበት ነገር ስለሌለ ድምፁን ዘግቼዋለሁ። ያን ዕለት ማለዳ አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሰዓት ለማየት ስልኬን ሳወጣ ግን ግሩፑ በመልእክት ተጨናንቆ አገኘሁት። የመጀመሪያው «እትዬ ዘነበች ወደ ጌታ ሄዱ» ይላል። ከሥሩ አንዱ ጎረቤት «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ፣ ወዲያው አጥፍቶ «ጌታ ያጽናናን» ብሎ ተካው፤ እትዬ ዘነበች ጴንጤ መሆናቸው ትዝ ብሎት መሆን አለበት። እሳቸው ቢያዩት «ምን አጠፋህ? ተወው» ይሉት ነበር። ታክሲው መጣ። እኔ ተጋፍቼ የምገባ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከሰልፉ ወጥቼ በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እትዬ ዘነበች ማን ናቸው ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የብሎካችንን በረሮ የጨረሱ ሴት ናቸው። ይህን ሲሰማ የሚስቅ ይኖራል፤ ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። በየቀብሩ «ደግ ነበሩ፣ ርኅሩኅ ነበሩ» ተብሎ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ግን ለእሳቸው አይበቃም። እሳቸውን ለመናገር ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከጨለማው ጥግ መጀመር ያስፈልጋል።

ብሎካችን ጉለሌ ውስጥ፣ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ከኋላ ባሉት መስኮቶች የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ከፊት ባሉት ደግሞ የጎረቤት ልብስ። ወጥ ቤቶቻችን አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ ስለሆኑ፣ ቧንቧ የሚወርድበት ጠባብ ቀዳዳ ከላይ እስከ ታች ሁላችንንም ያገናኘናል። እኛ ሰላምታ ባንለዋወጥ እንኳ በረሮዎቻችን ይጠያየቁ ነበር።

በሁላችንም ቤት በረሮ ነበር፤ ብትጠይቁን ግን በማንም ቤት አልነበረም። በእኛ ዘንድ በረሮ የነፍሳት ጉዳይ አይደለም፣ የገመና ጉዳይ ነው። በረሮ አለባት ከተባለች ሴት ቤት እንጀራ ይቆረሳል እንጂ አይዋጥም። ስለዚህ እያንዳንዳችን በጥቁር ፌስታል ደብቀን ያመጣነውን ፍሊት በራችንን ዘግተን እንነፋለን። የእኔዎቹ በቀዳዳው ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ የላይኛዋ ጎረቤቴ ስትነፋ ደግሞ ዘመዶቻቸውን አስከትለው ይመለሳሉ። እንዲህ ስንገፋፋ ዓመታት ኖርን።

መጨረሻው ፎቅ ላይ ትዕግስት የምትባል ልብስ ሰፊ ከልጇ ከናርዶስ ጋር ትኖራለች። ናርዶስ ያኔ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች፣ አስም ያለባት ልጅ ነበረች። እኛ ታች ስንነፋ ሽታው በቀዳዳው ወጥቶ እሷ ጋ ይደርሳል። ትዕግስት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ደረጃውን እየሮጠች ስትወርድ፣ ታክሲ ለምና ወደ ሆስፒታል ስትበር ስንቴ አየናት! በር ከፍተን «ምነው? ምን ሆነችብሽ?» እንላለን። ፍሊቱን የነፋነው እኛው ነን።

አንድ ቀን ከሆስፒታል ስትመለስ ትዕግስት ቤቷ መድረስ አቅቷት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ለቅቄ መሄዴ ነው» አለች። «ሐኪሙ በሚቀጥለው ላትደርሽ ትችያለሽ አለኝ።» ቤቱ በዕጣ እስኪደርሳት ስንት ዓመት እንደጠበቀች ሁላችንም እናውቃለን፤ ሌላ የምትሄድበት እንደሌላትም እናውቃለን። እትዬ ዘነበች አጠገቧ ተቀምጠው ሰሟት። የወለቀውን የናርዶስን ጫማ አንስተው አጠለቁላት፣ ማሰሪያውን ቀስ ብለው አሰሩ። ከዚያ «የትም አትሄጂም» አሉ። በቃ፣ የጀመረው እንደዚህ ነው።

እትዬ ዘነበች የሶዶ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሠርተው፣ በኋላም ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። ልጅ አልወለዱም፤ ባለቤታቸውም ቀድመዋቸው ሄደዋል። ከጡረታ በኋላ ኑሯቸው የሰርግና የምርቃት ድግስ መሥራት ነበር። በሰፈራችን «ወጡን የሠሩት እትዬ ዘነበች ናቸው» ከተባለ ድግሱ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ረዥም፣ ጠይም፣ ፊታቸው ቶሎ የማይፈታ ሴት ነበሩ። ሲስቁ አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። የሆስፒታሉን ሰማያዊ ሽርጥ እስከ መጨረሻው አልጣሉትም።

በማግስቱ በሬ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ከፈትኩ።

«እኔ ቤት በረሮ አለ» አሉ፣ ገና ሳይገቡ።

እንዲህ ያለ ነገር ደረጃ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጥ ልስባቸው ምንም አልቀረኝም።

«አንቺስ?»

«እ... ማለቴ... አልፎ አልፎ...»

«እንግዲያው አሳዪኝ።»

በዚህ ዓይነት በየቤቱ ዞሩ። በሁሉም በር መጀመሪያ የራሳቸውን ገመና ያወጣሉ፤ ከዚያ የሰው አፍ ይፈታል። አንዳንዷማ ከተፈታላት በኋላ የሚያስቆማት ጠፋ።

ሥራቸውን ቆሜ አይ ነበር። ባትሪያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው «ጌታ ሆይ ጉልበቴን» እያሉ ይንበረከካሉ። የቁም ሣጥኑን በር በጣታቸው ቆርቆር አድርገው ለበረሮዎቹም «ቤቶች!» ይላሉ። ከዚያ መርፌ ከሚመስል ፕላስቲክ ቡናማ ቅባት በክብሪት እንጨት ጫፍ ያወጡና የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ በማጠፊያው ጥግ፣ በፍሪጁ ጀርባ፣ ቧንቧው ግድግዳ በሚበሳበት ቦታ ያሳርፋሉ። የሕፃን እጅ የሚደርስበት ቦታ አያስቀምጡም። ሆስፒታል ሳሉ ለበሽተኛ ምግብ በሚሠራበት ወጥ ቤት መርጨት አይፈቀድም ነበርና የተማሩት ይህን ነው። ስሙን ግን ራሳቸው ነው ያወጡለት፤ «ግብዣ» ይሉታል።

«ግብዣ ላይ እንግዳ የሚመጣው ሌላ የሚበላው ሲያጣ ነው» ይሉኛል። «ፍርፋሪ አንሺ፣ ቆሻሻ አታሳድሪ፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አሠሪ። ከዚህ ቀምሶ ጎሬው ይገባል፣ እዚያው ይሞታል፤ እሱን የቀማመሱትም ይሞታሉ። ያባረርሽው ይመለሳል። የጋበዝሽው አይመለስም።»

ተንበርክከው ሲሠሩ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። የብሎካችን ቀልደኛ «ሴትዮዋ ጸሎት ቤቷን ላቫንዲኖ ሥር ከፈተች» ብሎ ሲያስቅብን ሰሙት። «እሱስ እውነቱን ነው» አሉ።

ከሁሉም የከበደን አለመርጨት ነበር። ፍሊት የሸተተው በረሮ ይበተናል እንጂ ግብዣ አይቀርብም። ከዚያም በላይ ናርዶስ አለች። እትዬ ዘነበች ከየቤቱ ሲወጡ የመጨረሻ ቃላቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አትርጩ፣ ልጅ አለ።»

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ያከሸፍነውም እኛው ነን። እንቁጣጣሽ ደረሰ። መቼም በዓል ሲመጣ እኛ ቤት አናጸዳም፣ ቤቱን ነው የምንልጠው። ቁም ሣጥን ከግድግዳ ይላቀቃል፣ ፍሪጅ ይጎተታል፣ በረኪና በየጥጉ ይደፋል። በጉልበታቸው እየዳኹ ያስቀመጡትን ግብዣ ሁሉ ጠራርገን ጣልነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ እንግዳ ይመጣል ብለን ከላዩ ነፋንበት። ናርዶስ የአዲስ ዓመት ዋዜማን በኦክስጅን አሳለፈች።

ከበዓሉ በኋላ እትዬ ዘነበች መጥተው ጎንበስ ብለው ወጥ ቤቴን አዩ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ንጹሕ ነው» አሉ። «አንቺ ችኩል፣ በጣም ንጹሕ ነው።» ከዚያ ክብሪታቸውን አውጥተው እንደገና ተንበረከኩ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ዙር የተሻለ ሄደ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በር ሁሉ ተከፈተላቸው። መጨረሻ የከፈቱት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ወይዘሮ አስካለ ከእትዬ ዘነበች ጋር በር ለበር የሚኖሩ፣ የጥንት የጉለሌ ሰው፣ አባታቸው የደብር አለቃ የነበሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተውባቸው አንድ ልጃቸውን ሰላምን ብቻቸውን አሳድገዋል። የቡፌያቸው መስታወት ላይ የጣት አሻራ አይታይም። ሁለቱ ጎረቤታሞች እኩዮች ቢሆኑም አይቀራረቡም ነበር፤ አንዷ ስትጾም ሌላዋ ትጠብሳለች። ወይዘሮ አስካለ ለግብዣው በራቸውን ከከፈቱ ብዙም ሳይቆይ ለልጃቸው ለሰላም ሽማግሌ ሊላክ መሆኑ ተሰማ።

እዚህ ላይ ስለ ግብዣው አንድ የማይወደድ ነገር መናገር አለብኝ። መሥራት ሲጀምር፣ የበላው በረሮ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ በጠራራ ፀሐይ ይወጣል። ይህ የማለቁ ምልክት ነው፤ ለእንግዳ ግን ይህን ማን ያስረዳዋል?

ወይዘሮ አስካለ እትዬ ዘነበች ቤት ሲገቡ እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ዘነበች፣ ሽማግሌ እሑድ ይመጣል። ነገ አስረጫለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«ተይ አስካለ። ልጅ አለ።»

«ልጅ አለ፣ ልጅ አለ! የኔዋስ ልጅ አይደለችም? ሰው ፊት በረሮ ሲንፏቀቅ ቢታይ ምን ይባላል? አባት የላት፣ እናቷም ቤት መያዝ አታውቅ ሊሉ ነው? ትዕግስትስ ለአንድ ቀን ልጇን ይዛ ዞር ብትል ምን ትሆናለች?»

«ዞር የምትልበት ዘመድ የላትም። ብትሄድስ? አንቺ ስትረጪ እነሱ ወደ እኛ ይመጣሉ፣ እኛም እንረጫለን፣ ሁሉም ይረጫል። ከዚያ ልጅቷ አትተርፍም።»

«እና እኔ ልዋረድ?»

እትዬ ዘነበች ሽርጣቸውን አስተካከሉ። «አትዋረጂም» አሉ። «አትርጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። የሚመጣ እፍረት ካለ የኔ ነው፤ ቃሌ ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ግን አልረጩም። ከዚያ በኋላ ስላደረጉት ብዙ ተቆጥቻለሁ፤ አለመርጨታቸውን ግን ልመሰክርላቸው ይገባል።

እሑድ ጠዋት እኔ ለመስተንግዶ ተጠራሁ። ወንበር ስላነሰ ከእትዬ ዘነበች ቤት አምጥተን ደረደርን። እሳቸውንም ወይዘሮ አስካለ ከቤቱ ሰዎች ጋር አስቀመጧቸው፤ ዘመዳቸው ጥቂት ነውና። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ቁጭ በሉ ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ትልቁ ቄስ ነበሩ፣ ነገሩን አሳምረው ተናገሩ። የወይዘሮ አስካለ ወንድም ልጅቷን ጠይቀን፣ ዘመድ አማክረን መልስ እንሰጣለን አሉ። በዚያ ጊዜ ተቀመጡ። እኔ ለስላሳ ልከፍት ጎንበስ አልኩ።

ከቡፌው ሥር ወጣ። ትልቅ ነው፣ ቀይ ነው። አይሮጥም። እየተንገዳገደ የምንጣፉን መሃል ይዞ ሄደ፣ አንዴ ዞረ፣ ደግሞ ቀጠለ፣ የቄሱ ጫማ ጫፍ ላይ ሲደርስ በጀርባው ወድቆ እግሮቹን ያወራጭ ጀመር። ያየው ሰው ሁሉ ያላየ መሰለ፤ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የሙሽራው አጎት፣ የያዘውን ዳቦ ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰው። የወይዘሮ አስካለን ፊት ማየት አልቻልኩም።

እትዬ ዘነበች ተነሱ።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ይሄ የኔ ነው። ወንበሮቹን ከቤቴ ስናመጣ አብሮ ገብቶ ነው። የአስካለ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም፤ የቆሸሸው የኔ ነው።»

መሃረባቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ፣ በረሮውን አፍሰው ያዙና ይዘውት ሊወጡ ሆነ። ቄሱ እጃቸውን ዘረጉላቸው። «ተቀመጪ እህቴ» አሉ። «እኛም ቤት አለ።»

ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ። አጎትየው ግን የያዘውን ወሬ ይዞ ሄደ።

በእትዬ ዘነበች ቤት በረሮ እንደሌለ አውቅ ነበር። ግብዣው መጀመሪያ የተቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው፤ በረሮው ካለቀም ቆይቷል። ማታ ወንበሮቹን ስመልስላቸው «ለምን እንዲህ አሉ?» አልኳቸው።

«ቃል ሰጥቻታለሁ።»

«ውሸት ነው እኮ፣ እትዬ!»

«አዎ፣ ውሸት ነው» አሉ። «ስለሱ ከጌታዬ ጋር እነጋገራለሁ። አንቺ ግን ለማንም አትናገሪ። አደራ።»

ጋብቻው ጸደቀ። የሰርጉን ወጥ እትዬ ዘነበች እንዲሠሩ ወይዘሮ አስካለ ቀደም ብለው ነግረዋቸው ነበር። የሙሽራው እናት ወይዘሮ የውብዳር ግን ወሬው ደርሷቸዋል። «ያቺ በረሮ የወረሳት ሴትዮ ወጥ ቤት እንዳትገባ» አሉ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ወይዘሮ አስካለ ዝም አሉ። ልጃቸውን ፈርተው ነው፣ ይገባኛል። ግን ዝም አሉ።

በሰርጉ ዕለት እትዬ ዘነበች ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው እንደ ማንኛውም እንግዳ ኋላ ተቀመጡ። የሌላ ሰው እጅ የሠራውን ወጥ ቀምሰው «ጣፍጧል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለድግስ የሚጠራቸው እየሳሳ ሄደ። የብሎካችን ሰዎች እውነቱን እንገምታለን፣ ውጭ ያለው ሰው ግን የሚያውቀው ወሬውን ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው እንኳ በየሳምንቱ እሳቸው ቤት ለጸሎት ይሰበሰቡ የነበሩ ሴቶች ስብሰባውን ወደ ሌላ ቤት ወሰዱት። ሻይ አፍልተው ጠብቀው ማንም ሳይመጣ የቀረበትን ቀን አስታውሳለሁ። እኔ ገብቼ ጠጣሁላቸው፤ ማንቆርቆሪያውን ግን ብቻዬን አልጨርሰው ነገር።

ያን ቀን ንዴቴ ገነፈለ። «ይናገሩ! ወይ እኔ ልናገር! ወይዘሮ አስካለ እኮ በር ለበር ሆነው ዝም ብለው ያያሉ!»

«አልረጨችም» አሉኝ። «ለኔ ይበቃኛል። ስም ቢሄድ ሊመለስ ይችላል። ትንፋሽ ከሄደ አይመለስም።»

በዚያን ሰዓት ከላይ ባለው ቤት ናርዶስ ገመድ ትዘላለች፤ ጣሪያው ይደበደባል። እትዬ ዘነበች ሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ቀና ብለው አዳመጡ፣ በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

በረሮው አለቀ። ማንም ቀኑን አላስተዋለም፤ አንድ ጊዜ ዞር ብለን ስናይ የለም። ናርዶስ ትምህርት ቤት ገባች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች መውጣት ጀመረች። ትዕግስት የትም አልሄደችም። ወይዘሮ አስካለ በየበዓሉ በክዳን የተሸፈነ ሳህን እትዬ ዘነበች በር ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው፣ ሳይጠብቁ ይገባሉ። እትዬ ዘነበች ሳህኑን አጥበው ባዶውን አይመልሱም፤ ዳቦ ጨምረውበት ይመልሳሉ። ስለዚያ እሑድ ግን ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ከዚያ እትዬ ዘነበች ኩላሊታቸውን ታመሙ። ወንድማቸው አቶ ማርቆስ መጥተው ለማስታመም ሶዶ ወሰዷቸው፣ ቤቱም ተዘጋ። በዚህ መሃል ከብሎኩ ሥር ምግብ ቤት ተከፈተ። በረሮም እንደ ድሮው በቀዳዳው ወደ ላይ ይወጣ ጀመር፤ እኛ ክብሪታችንን ይዘን በየቤታችን ስንንበረከክ የተዘጋውን ቤት ግን ማንም አልጋበዘም። እትዬ ዘነበች ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፣ ቤታቸውን ግን ዳግመኛ ሳያዩ ሆስፒታል አረፉ።

ለቅሶው የተቀመጠው በቤታቸው ነው። ወንበር ስላነሰ ከወይዘሮ አስካለ ቤት አመጣን። አቶ ማርቆስ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ በላያቸው የእህታቸው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሰማያዊውን ሽርጥ እንደለበሱ የተነሱት ነው። ከቀብሩ ማግስት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የውብዳር አማቻቸውን ወይዘሮ አስካለን ስለ ጎረቤታቸው ሊያጽናኑ መጡና አጠገባቸው ተቀመጡ።

ከወጥ ቤቱ በር ወጣ። ይሄኛው የሰከረ አይደለም፣ ግብዣ ያልቀመሰ፣ ፈጣን ነው። ግድግዳውን ይዞ ወጣና ፎቶው ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ድሮም ብያለሁ እኮ» አሉ ወይዘሮ የውብዳር። በሹክሹክታ ነው፣ ቤቱ ግን ጠባብ ነው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ድሮም ቤታቸው እንዲህ ነበር።»

አቶ ማርቆስ ሰሙ። ወንድም ናቸውና ቀና አላሉም፤ መሬት መሬቱን አዩ። ከሶዶ የመጣች ወጣት ዘመዳቸው በኀፍረት ተነስታ «ጠዋት አይቼ ገዝቻለሁ» እያለች ከፌስታል ፍሊት አወጣች። አደራ ተብያለሁ፤ ግን የአደራው ባለቤት ሞተዋል፤ ልናገር አፌን ከፈትኩ።

ወይዘሮ አስካለ ቀደሙኝ። ተነሱ።

«የኔ ነው» አሉ። «ወንበሮቹን ከቤቴ ስናመጣ አብሮ ገብቶ ነው።»

«ኧረ ተይ አስካለ፣ ያንቺን ቤትማ እናውቀዋለን» አሉ ወይዘሮ የውብዳር።

«አታውቂውም።» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ፊት የወጣውም የኔ ነበር። ከቡፌዬ ሥር ነው የወጣው። በወንበር አልመጣም፤ እሷ ቤት አንድም አልነበረም። እኔ እንዳላፍር ብላ የኔ ነው አለች። አንቺ ወጥ ቤት እንዳትገባ ስትይ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እንጀራዋን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አቶ ማርቆስ፣ እህትዎ የሰው እፍረት ተሸክማ ነው የሞተችው። የኔን።»

አቶ ማርቆስ ቀና ብለው መጀመሪያ ወይዘሮ አስካለን፣ ከዚያ የእህታቸውን ፎቶ አዩ። ከዚያ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ከመጡ ጀምሮ ያላለቀሱትን አለቀሱ።

ወይዘሮ አስካለ መሃረባቸውን አውጥተው ከፎቶው ጠርዝ ላይ በረሮውን አፈፍ አደረጉት። በሌላው እጃቸው ፍሊቱን ከልጅቷ ተቀበሉ።

«እዚህ አይረጭም» አሏት። «ልጅ አለ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ሕፃን ፍለጋ ዙሪያዋን አየች። ናርዶስ ሁለት ወንበር በአንድ ትከሻ ተሸክማ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከእናቷ ትረዝማለች። ከታች አራት ፎቅ ወጥታ ነው የመጣችው፣ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም።